አንድሮሜዳ የማን ልጅ ነበረች?

ሰፈራችን ውስጥ ቪዲዮ ቤት ነበር። አግዳሚ ወንበር፣ በጥቁር ጨርቅ የተጋረደ መስኮት፣ በር ላይ ሳንቲም የሚሰበስብ ልጅ። «ክላሽ ኦፍ ዘ ታይታንስ»ን መጀመሪያ ያየሁት እዚያ ነው። የ1981ዱን። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) አንዲት ልዕልት ባሕር ዳር ካለ ቋጥኝ ጋር በሰንሰለት ትታሰራለች። ተራራ የሚያክል አውሬ ከውኃው ይወጣል። ጎረምሳው ክንፍ ባለው ፈረስ እየበረረ ይደርስና የሜዱሳን የተቆረጠ ራስ ፊቱ ላይ ይደቅንበታል። አውሬው ድንጋይ ሆነ። እኛም «አክተር አይሞትም!» እያልን ወጣን።

የልዕልቲቱ ስም አንድሮሜዳ ነው። የማን ልጅ እንደሆነች ያወቅሁት ግን ከስንት ዓመት በኋላ፣ ስለ ከዋክብት የሚያወራ መጽሐፍ ሳገላብጥ ነው። «የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌዎስ ልጅ» ይላል። ደግሜ አነበብኩት። ያን ቀን አግዳሚው ላይ ተደርድረን ባየነው ፊልም ውስጥ ኢትዮጵያ የምትባል አገር አልነበረችም። ልዕልቲቱም ነጭ እንግሊዛዊት ነበረች።

ይህን ያስታወሰኝ በየጊዜው የሚነሳው ክርክር ነው። አንድ የድሮ አፈ ታሪክ እንደገና ፊልም ይሆናል። ከተዋንያኑ አንዱ ጥቁር ወይም እስያዊ ይሆናል። ወዲያው ጩኸት ይነሳል። «ታሪኩን አበላሹት!» የሚል በአንድ ወገን፣ «ዘረኛ ነህ!» የሚል በሌላ ወገን። በዚህ መሀል መጀመሪያ መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ ሳይጠየቅ ያልፋል። የድሮው ታሪክ ራሱ ምን ይላል? ማንስ ነው መጀመሪያ የለወጠው?

እስቲ አንድሮሜዳን ይዘን እንሂድ። ከሷ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። የኢትዮጵያ ንግሥት ካሲዮፔያ ቁንጅናዋን ከባሕር ልጃገረዶች አስበልጣ ተኩራራች። የባሕር አምላክ ፖሲዶን ተቆጣ። ጎርፍና የባሕር አውሬ ላከባቸው። ንጉሡ ጠንቋይ ቢያስጠይቅ «ልጅህን ለአውሬው ስጥ» ተባለ። አንድሮሜዳ ታሰረች። ከአርጎስ የመጣው ፔርሴዎስ ሜዱሳን ገድሎ ሲመለስ አያት፣ ወደዳት፣ አውሬውን ገድሎ አገባት። በኋላ ሁሉም ወደ ሰማይ ወጥተው ከዋክብት ሆኑ። ኬፌዎስ፣ ካሲዮፔያ፣ አንድሮሜዳ፣ ፔርሴዎስ፣ አውሬውም ሳይቀር ዛሬም የኅብረ ከዋክብት ስሞች ናቸው። በኅዳር፣ መብራት በሌለበት ገጠር፣ ከመሸ በኋላ ወደ ሰሜን ቀና ብትሉ ልጅቱን ታገኟታላችሁ። በስሟ የሚጠራው ጋላክሲ እዚያው አካባቢ እንደ ደበዘዘ የጭስ ጠብታ ይታያል። 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ይርቃል። ሰው ያለ መሣሪያ በዓይኑ ሊያያቸው ከሚችሉ ነገሮች እጅግ ሩቅ ከሚባሉት አንዱ ነው።

እንግዲህ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። የግሪኮቹ ኢትዮጵያ የዛሬዋ ኢትዮጵያ ብቻ ናት ማለት አይቻልም። ቃሉ በግሪክኛ «ፊቱ የተቃጠለ» እንደ ማለት ነው። ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰው ሁሉ ይጠሩበት ነበር። ብዙ ጊዜ የሚያመለክተው ኩሽን፣ ማለትም የዛሬዋን ሱዳን ነው። አንዳንዴ ደግሞ የዓለም ዳርቻ ማለት ብቻ ነበር። የጥንቱ የግሪክ ገጣሚ ሆሜር ኢትዮጵያውያንን ለሁለት ከፍሎ ገሚሱን ፀሐይ መውጫ፣ ገሚሱን ፀሐይ መግቢያ ላይ ያስቀምጣቸዋል። አማልክቱ ለግብዣ የሚሄዱት ወደነሱ ነው። የኛው የአክሱም ንጉሥ ኢዛና ደግሞ በ4ኛው መቶ ዘመን ድንጋይ ላይ ሲያስጽፍ በግዕዙ «ሐበሻ» ያለውን በግሪክኛው «ኢትዮጵያ» አለው። ስሙ ወደኛ የመጣበት መንገድ ረጅም ነው። ስለዚህ «አንድሮሜዳ የጎንደር ልጅ ናት» አልልም። የምለው ይህን ነው፦ ታሪኩን የፈጠሩት ግሪኮች ራሳቸው ልጅቱን የጥቁር ሰዎች አገር ልጅ አድርገው አስበዋታል።

ግን እንዴት አድርገው ሣሏት? ነገሩ የሚወሳሰበው እዚህ ላይ ነው።

ቦስተን ባለው የሥነ ጥበብ ሙዚየም አንድ የግሪክ እንስራ አለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት 450 አካባቢ የተሠራ ነው። አንድሮሜዳን ሊያስሯት ሲዘጋጁ ያሳያል። አሽከሮቹ ፊታቸው ሳይቀር አፍሪካውያን ሆነው ተሥለዋል። እሷ ግን የምሥራቅ ሰው ልብስ ብትለብስም ፊቷ የግሪክ ሴት ፊት ነው። ሠዓሊው አገሩን ያውቃል። አሽከሮቹን አላሳሳታቸውም። ልዕልቲቱ ላይ ሲደርስ ግን እጁ ወደ ለመደው ፊት ሄደ። ከ2,400 ዓመት በፊት!

ሮማዊው ገጣሚ ኦቪድም እንዲሁ ሁለት ልብ ነው። በአንድ ግጥሙ አንዲት ሴት «ነጭ ባልሆንም ፔርሴዎስ የአገሯን ቀለም የያዘችውን ጠይም አንድሮሜዳን ወዷታል» ብላ ትከራከራለች። በሌላው ደግሞ ፔርሴዎስ ከቋጥኙ ጋር ታስራ ሲያያት የእምነ በረድ ሐውልት መስላው ነበር ይላል። አንድ ሰው፣ አንዲት ልጅ፣ ሁለት መልክ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሄሊዮዶሩስ ነው። የሦርያ ሰው ነው። በ3ኛው ወይም በ4ኛው መቶ ዘመን በግሪክኛ አንድ ረጅም ልብ ወለድ ጻፈ። ስሙም «ኢትዮጵያዊ ታሪክ» እንደ ማለት ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ጥቁር የሆነችው የኢትዮጵያ ንግሥት፣ ባሏም ጥቁር ሆኖ ሳለ፣ ነጭ ልጅ ትወልዳለች። ምክንያቱ? በፀነሰችበት ሰዓት መኝታ ክፍሏ ግድግዳ ላይ የተሠለውን የአንድሮሜዳን ሥዕል እያየች ነበር። ሥዕሉ ላይ ያለችው አንድሮሜዳ ነጭ ናት። ንግሥቲቱ «ከሌላ ወለደች» እንዳትባል ፈርታ ልጇን ትጥላለች። ልጅቱ ግሪክ አገር ታድጋለች። መጨረሻ ላይ ሥዕሉ ተነሥቶ መጥቶ አጠገቧ ይቆማል፣ ቁርጥ እሷን! ንጉሡም ልጁ መሆኗን ያምናል።

ቆም ብላችሁ አስቡት። አንድ ደራሲ፣ የዛሬ 1,700 ዓመት ገደማ፣ አንዲት ኢትዮጵያዊት በራሷ ቤተ መንግሥት ግድግዳ ላይ የገዛ ቅድመ አያቷን ነጭ ሆና ስታያት የሚፈጠረውን ነገር ልብ ወለድ አደረገው። ሥዕል በማየት ብቻ የልጅ መልክ እንደማይለወጥ እናውቃለን። ሥዕል ሰው ስለራሱ የሚያስበውን ሊለውጥ እንደሚችል ግን እሱ ያኔ ገብቶታል። ዛሬ «ውክልና» የምንለው ነገር በሙሉ እዚያ ክፍል ውስጥ አለ። (በነገራችን ላይ በመጽሐፉ መጨረሻ የአክሱም መልእክተኞች ቀጭኔ ይዘው ለንጉሡ እጅ መንሻ ያመጣሉ። የደራሲው ኢትዮጵያ መናገሻዋ በዛሬዋ ሱዳን ያለችው ሜሮዌ ናት፣ አክሱሞች ደግሞ ወዳጅ ጎረቤት። ቅድም ስለ ስሙ ያልኩትን ለማስታወስ ያህል ነው።)

ከዚያ በኋላ ያለው ቶሎ ይነገራል። የአውሮፓ ሠዓሊዎች አንድሮሜዳን ለብዙ መቶ ዓመታት ሣሏት። በታላላቆቹ ሸራዎች ላይ ነጭ ናት። እንደ ወተት የነጣች። የታላቁ ሠዓሊ የቬላስኬዝ አስተማሪ የነበረው ስፔናዊው ፓቼኮ በ17ኛው መቶ ዘመን «ጸሐፊዎቹ ጥቁር ናት እያሉ ለምንድን ነው እንዲህ የምትነጣው?» ብሎ መጠየቁ ይታወቃል። ብዙ ሰሚ አላገኘም።

ፊልም ሲመጣ እንግዲህ ሥራው ካለቀ በኋላ ነው የመጣው። የ1981ዱ ፊልም የልዕልቲቱን ከተማ ኢዮጴ አደረጋት። ይህን ከኪሳቸው አላወጡትም። ስትራቦና ፕሊኒን የመሳሰሉ የጥንት ጸሐፊዎች የአንድሮሜዳ ቋጥኝ በኢዮጴ ወደብ እንዳለ ይተርኩ ነበር። እንዲያውም አንድ ሮማዊ ሹም ከዚያ አመጣሁት ያለውን የአውሬውን አጥንት ሮም ውስጥ ለሕዝብ አሳይቷል። ርዝመቱ 40 ጫማ ነበር ይላል ፕሊኒ። ኢዮጴን እናውቃታለን፤ ዮናስ ከእግዚአብሔር ፊት ሊሸሽ መርከብ የተሳፈረባት ወደብ ናት። ሁለት የባሕር አውሬ ከአንድ ወደብ! ስለዚህ የ1981ዱን ሰዎች «ዋሹ» አልላቸውም። ከሁለት የታሪኩ መልኮች ኢትዮጵያ የሌለችበትን መረጡ፤ ይኸው ነው።

በ2010 እንደገና የተሠራው «ክላሽ ኦፍ ዘ ታይታንስ» ግን ከዚያ አለፈ። አንድሮሜዳን የአርጎስ ልዕልት አደረጋት። አርጎስ የፔርሴዎስ አገር ናት፣ ግሪክ መሀል። በ2012 በወጣው ተከታዩ ፊልምም እንግሊዛዊቷ ሮዛመንድ ፓይክ ተጫወተቻት። ልብ በሉ፣ አሁን ልዕልቲቱ ነጭ መሆኗ ላይ ጥያቄ ማንሳት አይቻልም። የግሪክ ልጅ ናታ!

ሰው ከታሪክ የሚጠፋበት መንገድ ሁለት ነው ብዬ የማምነው ለዚህ ነው። አንደኛው መልኩን መለወጥ ነው። ይህ ይታያል፣ ሰው ይጮኽበታል። ሁለተኛው አገሩን መለወጥ ነው። ይህኛውን ማንም አያየውም። አንድ ጥቁር ተዋናይ የግሪክ ጀግና ሲሆን «ታሪክ ተዛባ» ብሎ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው፣ የኢትዮጵያ ልዕልት ሙሉ በሙሉ ወደ ግሪክ ስትዛወር ፋንዲሻውን እየበላ አይቶ ወጥቷል። እኔም አይቼ ወጥቻለሁ።

«ትሮይ» የተባለውን የ2004 ፊልም ያያችሁ ብዙ ናችሁ። ብራድ ፒት አኪሌስን የሆነበት። በጥንቱ የትሮይ ታሪክ ውስጥ ሜምኖን የሚባል የኢትዮጵያውያን ንጉሥ ትሮይን ሊረዳ ጦሩን ይዞ ይመጣል። የንጋት አምላክ ልጅ ነው። ሆሜር የግሪኩን ጀግና ኦዲሲዩስን ሲያናግር ካየኋቸው ወንዶች ሁሉ መልከ መልካሙ እሱ ነበር ያስብለዋል። አኪሌስ የገደለው ከብርቱ ውጊያ በኋላ ነው። ስለሱ የተዘመረ ሙሉ የጀግንነት ግጥም ነበር፣ ስሙም «ኢትዮጵያዊው» እንደ ማለት፤ ግጥሙ ጠፍቶ ቁርጥራጩ ብቻ ቀርቷል። ፊልሙ ውስጥ ሜምኖን የለም። ስሙም አይነሳም። ከዚያ በ2018 ቢቢሲና ኔትፍሊክስ ስለ ትሮይ ተከታታይ ፊልም ሠርተው አኪሌስን ለጥቁር እንግሊዛዊው ዴቪድ ጊያሲ ሲሰጡት ቀውጢ ሆነ። «አኪሌስ እንዴት ጥቁር ይሆናል?» ተባለ። ጥያቄው ተገቢ ነው እንበል። ታዲያ «ሜምኖን የት ሄደ?» የሚለውስ በ2004 ለምን አልተጠየቀም?

ለምን እንዲህ ሆነ የሚለውን ለመረዳት ሆሊዉድ እንዴት እንደሚሠራ ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል። ሁሉም ነገር ከክፋት የመጣ አይደለም። ሁሉም ከየዋህነት የመጣም አይደለም።

መጀመሪያ ደንብ ነበር። የአሜሪካ ፊልም ሠሪዎች በ1930 አንድ የሥነ ምግባር ደንብ አወጡ። በሰፊው «የሄይስ ደንብ» ይባላል። ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ ተሠራበት። ከክልከላዎቹ አንዱ በነጭና በጥቁር መካከል ያለን ፍቅር ማሳየት ነበር። በግልጽ ተጽፎ፣ በጥቁርና ነጭ። ይህ አንቀጽ የተነሳው በ1956 ነው። እንግዲህ ፔርሴዎስ ነጭ ከሆነ፣ በዚያ ዘመን አንድሮሜዳ ጥቁር ልትሆን አትችልም። ሰሎሞን ነጭ ከሆነ፣ ንግሥተ ሳባም ጥቁር ልትሆን አትችልም። ደንቡ ሲሰረዝ ልማዱ አብሮ አልተሰረዘም።

ንግሥተ ሳባን ካነሳሁ አይቀር በ1959 የወጣውን «ሰሎሞንና ሳባ» ላንሳ። ስፔን ውስጥ የተቀረጸ ትልቅ ፊልም ነው። ሰሎሞንን የሚጫወተው ታይሮን ፓወር ቀረጻው ላይ የሰይፍ ፍልሚያ ሲሠራ በልብ ድካም ሞተ። ዩል ብሪነር ተተካ። ንግሥተ ሳባ ደግሞ ጣሊያናዊቷ ጂና ሎሎብሪጂዳ ሆነች። ጎበዝ ተዋናይት ነበረች፤ በሷ ላይ ቅሬታ የለኝም። ግን የጣሊያን ጦር ከአዲስ አበባ ከተባረረ ገና 18 ዓመቱ ነበር። ነገሥታቱ ዘራቸውን ከማክዳ የሚቆጥሩበት አገር፣ ማክዳን በጣሊያናዊት መልክ አየ። ይህን ሳስብ አሁንም ደረቴ ላይ የሚቀር ነገር አለ። በ1995 ለቴሌቪዥን በተሠራ ፊልም ጥቁር አሜሪካዊቷ ሃሊ ቤሪ ንግሥቲቱን ሆነች። በ2022 ደግሞ «ሶስት ሺህ የናፍቆት ዓመታት» በሚል ልንተረጉመው በምንችለው ፊልም ዑጋንዳዊቷ አሚቶ ላጉም ተጫወተቻት። ከጣሊያን ዑጋንዳ ለመድረስ 63 ዓመት ፈጀ።

ሁለተኛው ነገር ገንዘብ ነው። ትልቅ ፊልም በትልቅ ስም ይሸጣል። ሪድሊ ስኮት በ2014 የሙሴን ታሪክ ሲሠራ ሙሴን ለክርስቲያን ቤል ሰጠ። ተዋንያኑ ለምን ነጭ ሆኑ ተብሎ ሲጠየቅ፣ መሪ ተዋናዩን ማንም የማያውቀው የመካከለኛው ምሥራቅ ሰው ባደርገው ገንዘብ አላገኝም ነበር የሚል ትርጉም ያለው መልስ ሰጠ። ሰው ተቆጣ። እኔ ግን መልሱ ሐቀኛ ይመስለኛል። ችግሩን ፍንትው አድርጎ ያሳያል። ታዋቂ ያልሆነ ሰው ትልቅ ሚና አይሰጠውም። ትልቅ ሚና ያልተሰጠው ሰው ደግሞ ታዋቂ አይሆንም። ይህ ክበብ በራሱ አይሰበርም። አንድ ሰው ገብቶ መስበር አለበት።

ለመስበር የተሞከረባቸው መንገዶች የተለያዩ ናቸው። ክርክሩ ላይ የሚጠፋው ይህ ልዩነት ነው። ሁሉም በአንድ ከረጢት ይጨመራል።

አንዳንድ ጊዜ ዳይሬክተሩ ቀለም ሳያይ ይመርጣል። ማን ይችለዋል ብቻ ብሎ። ቲያትር ቤቶች ይህን ከለመዱት ቆይተዋል። በ2021 በወጣው የአረንጓዴው ባላባት ፊልም ላይ ሰር ጋዌይንን የተጫወተው ዴቭ ፓቴል ነው፤ የሕንድ ዘር ያለው እንግሊዛዊ። ፊልሙ ውስጥ ማንም ስለ መልኩ ምንም አይልም። ሠርቷል ወይ? ለኔ ሠርቷል። የንጉሥ አርተርና የባላባቶቹ የድሮ የእንግሊዝ ተረት የሕልም ዓለም ነው። ጭንቅላቱ ተቆርጦ አንሥቶት የሚሄድ አረንጓዴ ሰው ያመነ ተመልካች በተዋናዩ መልክ የሚሰናከልበት ምክንያት አይታየኝም።

ሌላ ጊዜ ምርጫው ጽሑፉን ፊት ለፊት ይጋፋል። ጥቁር እንግሊዛዊው ኢድሪስ ኤልባ በ2011 «ቶር» ፊልም ላይ ሄይምዳል የተባለውን የኖርስ፣ ማለትም የጥንት የሰሜን አውሮፓውያን አምላክ ሆነ። የድሮዎቹ የአይስላንድ ጽሑፎች ሄይምዳልን «ከአማልክት ሁሉ ነጩ» ይሉታል። ያኔ የተቃወሙ ሰዎች ቢያንስ የሚጠቅሱት ጽሑፍ ነበራቸው። ይህን መካድ አልፈልግም። የአንድሮሜዳን ቀለም ከጽሑፍ ተነሥቼ ስከራከር፣ የሄይምዳልን ጽሑፍ ዘልዬ ማለፍ አልችልም። ቃሉ የቆዳ ቀለም ይሁን የብርሃን ንጣት ሊያከራክር ይችላል። ግን ተጽፏል። እኔ ኤልባን ወድጄዋለሁ፤ ፊልሙም አማልክቱን ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን ስላደረጋቸው የኖርዌይ ታሪክ ነኝ አላለም። ይህ ግን የኔ ሚዛን ነው። ሌላው ሰው ሌላ ሚዛን ቢይዝ ወዲያው ዘረኛ አልለውም።

ሦስተኛው ዓይነት ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው፤ ድሮ የነበረውን መመለስ። ጥንት የነበረ ጥቁር ሰው ወደ ቦታው ሲመለስ «አዲስ ነገር አመጡ» ይባላል። ስለ አርተር ባላባቶች በተጻፉት የመካከለኛው ዘመን ታሪኮች ውስጥ ሞሪየን የሚባል ጥቁር ባላባት አለ። በ13ኛው መቶ ዘመን በደች ቋንቋ የተጻፈ ታሪክ ነው። አባቱ ከአርተር ባላባቶች አንዱ፣ እናቱ የሙሮች፣ ማለትም የሰሜን አፍሪካ ሙስሊሞች ልዕልት ናት። በዚያው መቶ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ጀርመናዊው ቮልፍራም በጻፈው «ፓርሲቫል» ደግሞ ፌይሬፊትስ የሚባል የጀግናው ግማሽ ወንድም አለ። እናቱ ጥቁር ንግሥት ናት። ወንድማማቾቹ ሳይተዋወቁ ይዋጋሉ። ጀግናው ሰይፉ ሲሰበርበት ፌይሬፊትስ የራሱን ሰይፍ ይጥላል፤ ባዶ እጁን ያለ ሰው አልገድልም ብሎ። ከዚህ የበለጠ የፊልም ትዕይንት ከየት ይመጣል? ደግሞ የዚህ ሰው ልጅ ማን ሆነ መሰላችሁ? ቄሱ ንጉሥ ዮሐንስ። አውሮፓውያን መጀመሪያ ሕንድ ውስጥ፣ በኋላ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲፈልጉት የኖሩት ያው ቄሱ ንጉሥ።

«የራሳችሁን ተረት ለምን አትሠሩም? የሰው ተረት ውስጥ ለምን ትገባላችሁ?» የሚለው ክርክር ግማሹ እውነት ነው። እኔም የራሳችንን ማየት እፈልጋለሁ። ግማሹ ግን የተሳሳተ ግምት ላይ ቆሟል። የድሮ ተረቶች ንጹሕ የአንድ ሕዝብ ንብረት ነበሩ ብሎ ይገምታል። አልነበሩም። ግሪኮች ተረታቸው ውስጥ ኢትዮጵያን አስገቡ፣ ደቾች ሙሮችን አስገቡ። ተረት ነጋዴ የሄደበት ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚም በ2020 የብዝኃነት መስፈርት አወጣ። ከ2024ቱ ሽልማት ጀምሮ ለምርጥ ፊልም የሚወዳደር ሁሉ ከ4 መስፈርቶች 2ቱን ማሟላት አለበት። ብዙ ሰው መሪ ተዋናዩ የግድ ጥቁር መሆን አለበት ማለት ይመስለዋል። አይደለም። ከካሜራ ጀርባ ባሉ ሠራተኞች፣ በሥልጠና፣ በማስታወቂያ ክፍል ባሉ ሰዎችም ይሟላል። ተራ የመቁጠር ጉዳይ ነው፤ አንድሮሜዳን ወደ አገሯ አይመልስም።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። እኛም እኮ ተረትን በራሳችን መልክ ሥለናል። የቤተ ክርስቲያናችን ሥዕሎች ላይ ሰሎሞንም ዳዊትም የሐበሻ ዓይን አላቸው። የአገራችን ሠዓሊ ደግ የሆነውን ሰው ፊቱን ሙሉ አድርጎ፣ በሁለት ዓይን ይሥለዋል። ክፉውን በጎን፣ በአንድ ዓይን። ማን በሙሉ ፊት መታየት እንዳለበት የሚወስን ሕግ ነበረን ማለት ነው። ደግሞ ንግሥቲቱ የኛ ብቻ አይደለችም። የመናውያን ቢልቂስ ይሏታል። ማሪብ ያለውን ጥንታዊ ቤተ መቅደስ በስሟ ይጠሩታል። አንድ የመናዊ ዳይሬክተር የመናዊት ንግሥት ቢያሳየን «ሰረቁን» ማለት አንችልም።

ማክዳን አንድ የኛ ሰው በትልቁ ፊልም ያደርጋታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ያን ቀን የመጀመሪያው ጥያቄ የሚመጣው ከአሜሪካ አይደለም፣ ከኛው ነው። በየትኛው ቋንቋ ትናገር? መልኳ የየትኛውን አካባቢ ሰው ይምሰል? በትግራይ የሚተረከው፣ ዘንዶውና የእግሯ ነገር ያለበት ታሪክ ይግባ ወይስ ክብረ ነገሥት ብቻ ይበቃል?

ሌላም አለች። የማክዳን ታሪክ በትንንሽ አራት ማዕዘን ከፋፍሎ የሚያሳየውን የሸራ ሥዕል ታውቁታላችሁ፤ ብዙ ጊዜ 44 ሥዕል ያለውን። ሰሎሞን ቅመም የበዛበት ምግብ ያበላል። ሌሊት ውኃ ጥም ይመጣል። በቃል በሚተረከው ታሪክ ከንግሥቲቱ ጋር አብራ የሄደች ደንገጡርም ውኃውን ትጠጣለች። ሰሎሞን ከሷም ይወልዳል። የዛጔ ነገሥታት ዘር ከሷ ልጅ ይቆጠራል የሚሉ አሉ፤ ላሊበላን ያነጹት ማለት ነው። ሥዕሉ ላይ ከእንስራው አጠገብ አንድ ሁለት ጊዜ ትታያለች። ከሥሯ በሚጻፈው መስመር ላይ «ንግሥቲቱ» ይላል፣ «ንጉሡ» ይላል፣ «ምኒልክ» ይላል። እሷ ጋ ሲደርስ «ገረዲቱ» ብቻ ነው።

ፊልሙ ሲሠራ እሷን ማን ይጫወታት ይሆን? ስሟንስ ማን ይላት?